«የፈለጉትን ያህል ይብሉ»፦ የሱሺ ማዕድ፣ የሮቦት አስተናጋጅና የአገልግሎት ሥራ መጻኢ ዕጣ

የሕዝብ ገለጻ ጽሑፋዊ ቅጂ



የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ስለ ምግብ ቤት ምን ምሁራዊ ነገር ሊባል ይችላል የሚል ጥያቄ በፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። የእኔ ምላሽ አጭር ነው። የዋጋ ንድፈ ሐሳብ፣ የሮቦት ምሕንድስናና የሠራተኛው ኑሮ በአንድ ገበታ ላይ ተገናኝተው ማየት የሚቻልበት ሌላ ቀላል ምሳሌ አላገኘሁም።

ጉዳዩ ይህ ነው። በጃፓን፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች አንድ ዓይነት ምግብ ቤት ተስፋፍቷል። ተመጋቢው ለአንድ ሰው የተቆረጠ ዋጋ ይከፍላል፤ ገበታው ላይ ያለውን ታብሌት እየነካካ የፈለገውን ሱሺ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ያዝዛል፤ መደርደሪያ የተሸከመ ባለ ጎማ ሮቦትም እየተንከባለለ ያመጣለታል። እኔን የሚያጓጓኝ ጥያቄ «ሮቦት ምግብ ቤት መግባቱ ያስደንቃል ወይ?» የሚለው ሳይሆን «ከምግብ ቤቶች ሁሉ ለምን እዚህኛው ውስጥ እንዲህ ተመቸው?» የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል። በገለጻዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ሐሳቦች

ሱሺ ብዙዎቻችን እንደምናስበው ጥሬ ዓሣ ማለት አይደለም። ምግቡን ሱሺ የሚያሰኘው በኮምጣጤ የተለወሰው ሩዝ ነው፤ ዓሣው፣ እንቁላሉ ወይም አትክልቱ በዚያ ላይ የሚታከል ነው። በጥንት ዘመን ዓሣ እንዳይበላሽ በሩዝ ተሸፍኖ ለወራት ይብላላ ነበር። በእጅ ተጨብጦ ወዲያው የሚበላው የዛሬው ዓይነት ግን የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ፣ በያኔዋ ኤዶ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ መንገድ ዳር ለሚቸኩል ሕዝብ የሚሸጥ ምግብ ሆኖ ነው። በኋላ ይህ የመንገድ ምግብ ወደ ቤት ገባ፤ ባለሙያው ከደንበኛው ፊት ቆሞ አንድ በአንድ የሚያዘጋጀው፣ ዋጋውም የሚከብድ ማዕድ ሆነ።

በ1958 በኦሳካ አጠገብ አነስተኛ የሱሺ ቤት የነበራቸው ዮሺአኪ ሺራኢሺ የተባሉ ሰው ይህን ለወጡት። ችግራቸው የሠራተኛ እጥረት ነበር። አንድ የቢራ ፋብሪካ ሲጎበኙ ጠርሙሶች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ተሰልፈው ሲጓዙ አዩና «ሳህንስ ለምን እንዲህ አይጓዝም?» ብለው አሰቡ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በሴኮንድ 8 ሴንቲሜትር ያህል የሚጓዝ ቀበቶ ሠርተው ምግብ ቤታቸውን ከፈቱ። ፍጥነቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም፤ ቀበቶው ከፈጠነ ተመጋቢው ሳህኑን ለማንሣት ይቸገራል፣ ከዘገየ ደግሞ ትዕግሥቱ ያልቃል። በ1970 በኦሳካ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ላይ ፈጠራው ለብዙ ሕዝብ ታየና በመላ አገሪቱ ተሰራጨ።

በዚያው በ1958 በቶኪዮ የሚገኘው ኢምፔሪያል ሆቴል ሌላ ነገር አስተዋወቀ። ኃላፊው በዴንማርክ ያዩትን የስካንዲኔቪያ ገበታ፣ ማለትም እንግዳው በአንድ ዋጋ ከተደረደረው ሁሉ እያነሣ የሚበላበትን ሥርዓት፣ ወደ ጃፓን አመጡ። በዚያን ጊዜ ስለ ቫይኪንጎች የተሠራ የሆሊውድ ፊልም በከተማዋ ይታይ ነበርና ገበታው «ባይኪንግ» ተባለ። ጃፓኖች እስከ ዛሬ ቡፌን በዚሁ ስም ይጠሩታል።

እንግዲህ አንደኛው ሐሳብ ምግቡን ያለ ሰው እጅ ያጓጉዛል፤ ሁለተኛው ዋጋውን ከመጠኑ ይለያል። በ1981 ደግሞ ሱዙሞ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሱሺ ሩዝ የሚጨብጥ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ የባለሙያው እጅ ሥራም በከፊል ወደ ማሽን ተሻገረ። ሺራኢሺ ራሳቸው በኋላ ዘመናቸው ሱሺን በሮቦት የማቅረብ ሐሳብ ሞክረው ነበር፤ በንግድ ረገድ ግን አልሰመረላቸውም። ሐሳቡ ነበር፤ ሐሳቡን የሚሸከመው ቴክኖሎጂ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

2. የአንድ ዋጋ ስሌት

በተለመደው ምግብ ቤት እያንዳንዱ ሳህን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም «ይብቃህ» የሚል ምልክት ሆኖ ያገለግላል። በአንድ ዋጋ በሚበላበት ቤት ግን የሚቀጥለው ሳህን ዋጋ ዜሮ ነው። ይህ ሁለት መዘዞች ያስከትላል።

የመጀመሪያው ኢኮኖሚስቶች አሉታዊ ምርጫ የሚሉት ነው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው በማያውቅበት ገበያ ላይ የሚቀረው ነጋዴው የማይፈልገው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ የደንበኛውን የምግብ ፍላጎት መጠን አያውቅም፤ ዋጋውን በአማካይ በላተኛ ልክ ሲቆርጥ ጥቂት የሚበሉት ይቀራሉ፣ ብዙ የሚበሉት ይመጣሉ።

ሁለተኛው «ያወጣሁትን ልመልስ» የሚለው ስሜት ነው። አርክስና ብሉመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1985 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የወቅት ትኬት ገዢዎችን ተከታትለዋል። ለአንዳንዶቹ፣ በዕጣ ተመርጠው፣ ዋጋው ተቀነሰላቸው። ሙሉ ዋጋ የከፈሉት በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ትርኢት አዩ። ገንዘቡ ግን ለሁሉም ያለፈና የማይመለስ ነበር። በሱሺ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሆዱ ሞልቶ ሳለ ለስድስተኛ ጊዜ የሚያዝዝ ሰው ጠግቧል፣ ሒሳቡ ግን አልጠገበም።

ታዲያ ባለቤቱ እንዴት አይከስርም? መከላከያዎቹ በርካታ ናቸው። ሩዝ ርካሽና ሆድ የሚሞላ ነው። ሰው አንድ ዓይነት ጣዕም ሲደጋግም ይሰለቸዋል። በብዙ ቤቶች የመመገቢያው ጊዜ 90 ወይም 120 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ዙር የሚታዘዘው ሳህን ይወሰናል፤ ለተረፈ ምግብ ተጨማሪ ይከፈላል። ዓሣውም ራሱ ተለውጧል። ከእነዚህ ቤቶች ተወዳጅ ምግቦች አንዱ የሆነው ሳልሞን በጃፓን ባህል በጥሬው አይበላም ነበር፤ በ1980ዎቹ ኖርዌይ በእርባታ ያሳደገችውን ሳልሞን ለጃፓን ገበያ ለማስተዋወቅ ባደረገችው ዘመቻ ነው ወደ ሱሺ የገባው። እንደ ፋብሪካ ምርት በተመጣጣኝ ዋጋና በተከታታይ የሚቀርብ ዓሣ ባይኖር ኖሮ «የፈለጉትን ያህል» የሚለው ቃል ኪዳን ለመጠበቅ እጅግ ያዳግት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስኩ። ለምሳሌ ያህል ብቻ የሚከተለውን እናስላ። 30 ገበታ ያለው ቤት አለ እንበል። እያንዳንዱ ገበታ በሁለት ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜ ያዝዛል፤ ይህ 180 ምልልስ ነው። ከማዕድ ቤት እስከ ገበታው ደርሶ መልሱ በአማካይ 40 ሜትር ቢሆን በአንድ የሁለት ሰዓት ዙር 7.2 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይሆናል፤ ያውም ሳህን ተሸክሞ። በተለመደው ምግብ ቤት እያንዳንዱ ምልልስ ሽያጭ ነው፤ አስተናጋጁ በተመላለሰ ቁጥር ሒሳቡ ይጨምራል። እዚህ ግን የመጀመሪያው ምልልስም ሆነ የመጨረሻው አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። ገቢው በመግቢያው ዋጋ ተዘግቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወጪ ነው።

ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ቤት ከሌሎች ይልቅ ለሮቦት የተመቸበት ምክንያት በዋጋው አወቃቀር ውስጥ አለ። ምልልሱ ብዙ፣ ሸክሙ ቀላል፣ መንገዱ አንድ ዓይነት፣ ገቢው ደግሞ ዜሮ ነው።

3. ሮቦቱ እንዴት ያያል? እንዴትስ ይሄዳል?

በብዙ ምግብ ቤቶች የሚታዩት ሮቦቶች ጥቂት ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ናቸው፤ ፑዱ ሮቦቲክስና ኪኖን የተባሉት የቻይና ኩባንያዎችና መሥራቹ የቀድሞ የጉግል መሐንዲስ የሆነው ቤር ሮቦቲክስ በስፋት ይታወቃሉ። የፑዱ ቤላቦት የድመት ፊት በስክሪን ላይ የሚያሳይ፣ አራት መደርደሪያ ያለውና እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚሸከም ነው።

የማየቱ ሥራ በአብዛኛው የላይዳርና የጥልቀት ካሜራ ነው። ላይዳር የማይታይ የሌዘር ብርሃን ወደ ዙሪያው ይልክና ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 3 ሜትር ርቆ ካለ ወንበር ነጥሮ ለመመለስ የሚፈጅበት 20 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ብቻ ነው። ይህን ልኬት በየአቅጣጫው ሺሕ ጊዜ ደጋግሞ የግድግዳውን፣ የወንበሩንና የሰውን እግር ርቀት ያውቃል።

ማወቅ ግን መገኛን ከማወቅ ይለያል። ሮቦቱ ካርታ ለመሥራት የት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ካርታ ያስፈልገዋል። ይህን እንቆቅልሽ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እያሻሻለ የሚፈታው ስልት በባለሙያዎች ዘንድ «ስላም» በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቃል፤ ከእኛው ሰላም ጋር እንዳይምታታባችሁ። ስልቱ በዕድል ስሌት ላይ የቆመ ነው። ሮቦቱ «እዚህ ነኝ» አይልም፤ «ምናልባት እዚህ ነኝ» ይልና እያንዳንዱ አዲስ ልኬት ሲመጣ ግምቱን ያርማል። የምሕንድስና ተማሪዎቻችን በፕሮባቢሊቲ ክፍል የምትማሩት የቤይዝ ደንብ እዚህ ሳህን ያመላልሳል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የማይችለውን እንመልከት። አብዛኞቹ እነዚህ ሮቦቶች እጅ የላቸውም። ገበታው አጠገብ ይቆማሉ፤ ሳህኑን አንሥቶ የሚያስቀምጠው ተመጋቢው ነው። ደረጃ አይወጡም፤ የፈሰሰ አኩሪ አተር ድልህ አይጠርጉም፤ ሕፃን ያለቀሰበትን ምክንያት አይጠይቁም። የሮቦት ተመራማሪው ሐንስ ሞራቬክ በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው በአዋቂ ሰው ደረጃ ዳማ መጫወት ለኮምፒውተር ይቀልለዋል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ያለ ሐሳብ የሚሠራው ማየት፣ መጨበጥና መንቀሳቀስ ግን እጅግ ይከብደዋል። በአንድ እጅ አራት ሳህን ይዞ፣ በክርኑ በር ገፍቶ፣ እግረ መንገዱን ውኃ የጎደለበትን ብርጭቆ የሚያስተውል አስተናጋጅ የሚሠራው ሥራ ከዳማ ይልቅ የረቀቀ ነው።

የዚህ ማስረጃ በራሷ በጃፓን አለ። በ2015 በናጋሳኪ አካባቢ የተከፈተው ሄንና የተባለ ሆቴል በሮቦቶች በመስተናገዱ በዓለም ዙሪያ ዝነኛ ሆነ። በ2019 ግን ከ240 በላይ ከነበሩት ሮቦቶቹ ከግማሽ በላዩን ማሰናበቱ ተዘገበ፤ ሥራ ከመቀነስ ይልቅ ለሰው ሠራተኞቹ ተጨማሪ ሥራ ፈጥረው ነበርና። የሱሺ ቤቱ ሮቦት የተሻለ የሰመረለት ትንሽ ስለተጠየቀ ነው።

4. ይሉኝታ የሌለበት ትዕዛዝ

እስካሁን ስለ ዋጋና ስለ ማሽን ተናገርኩ። በዚህ ማዕድ ላይ የጎደለ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱን ለመሰየም የእኛ ቋንቋ ከብዙዎች የተሻለ ቃል አለው፤ ይሉኝታ።

አስተናጋጅ ባለበት ገበታ ስድስተኛ ሳህን የሚያዝዝ ሰው ጥቂትም ቢሆን ይሸማቀቃል። «ይህ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ያስባል። ይህ ስሜት በማንኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ሆኖም ፍጆታን የሚገታ እውነተኛ ኃይል ነው። በእኛም ማዕድ የምግቡ መጠን በሁለት ሰዎች መካከል የሚወሰን ነው፤ አስተናጋጇ «በሞቴ» ትላለች፣ እንግዳው «በቃኝ» ይላል፣ ግብግቡ የሚያበቃው ሁለቱም ክብራቸው ሲጠበቅ ነው።

ታብሌቱና ሮቦቱ ይህን ግንኙነት ያነሣሉ። ስክሪኑ አይታዘብም፤ ሮቦቱ ቅንድቡን አያነሣም። ተመጋቢው ነጻነት ይሰማዋል፤ ነጻነቱም እውነተኛ ነው። የሚያፍር ሰው፣ ቋንቋውን የማያውቅ ስደተኛ፣ መስማት የተሳነው ደንበኛ ሁሉም ያለ ችግር ያዝዛሉ። ይህን ጥቅም ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ይሉኝታ የለቀቀውን ቦታ ሌላ ነገር መሙላት አለበት፤ የሚሞላውም የተጻፈ ደንብ ነው። የጊዜው ገደብ፣ የዙሩ ገደብ፣ የተረፈው ምግብ ቅጣት በስክሪኑ ላይ ተዘርዝረው ይጠብቁታል። በሌላ አባባል፣ ሰው በዐይኑ ያስከብረው የነበረውን ልክ አሁን ውል ያስከብረዋል። የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ይህን ሽግግር በሌሎች መስኮችም ታውቁታላችሁ።

5. ሥራው የማን ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በተጓዝኩበት ወቅት እንዲህ ካለ ቤት አንዱ ውስጥ ተመገብኩ። ሮቦቱ ሦስት ጊዜ መጣ፤ በአራተኛው አንድ ሕፃን መንገዱ ላይ ቆሞበት ነበርና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሕፃኑን በፍቅር ወደ ጎን ያደረገችው አስተናጋጅ አገሬ ልጅ ሆና ተገኘች። በአማርኛ ሰላም ስላት ደነገጠች፤ ከዚያም ሥራዋ እንዴት እንደተለወጠ ጠየቅኋት።

«እግሬ አርፏል ጋሼ፤ እሱን አልክድም» አለችኝ። «ድሮ ማታ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ለማውለቅ እቸገር ነበር። አሁን ገበታ አጸዳለሁ፣ መጠጥ አቀርባለሁ፣ ታብሌቱ እምቢ ያላቸውን እረዳለሁ። ግን ድሮ አምስት ገበታ ነበር የምይዘው፤ አሁን አሥራ ሁለት ነው። ሰዉም አያውቀኝም። ሳህኑን ያመጣለት ሮቦቱ ነዋ!»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ጉርሻ የሚቀበል ሠራተኛ ከአሠሪው በቀጥታ የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው፤ ይህ መጠን ከ1991 ጀምሮ አልተለወጠም። የቀረው ከደንበኛው ኪስ እንዲመጣ ይጠበቃል፤ ካልሞላ አሠሪው እስከ መደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ድረስ እንዲያሟላ ሕጉ ያዝዛል። ክፍያው በመተያየት ላይ የቆመ ነው። የመተያየቱ ዋና ምክንያት የነበረው ሳህን የማቅረብ ሥራ ወደ ማሽን ሲሻገር፣ የሥራው ድካም ብቻ ሳይሆን የገቢው ምክንያትም አብሮ ይሻገራል። «ጉርሻ» የሚለው ቃላችን በእጅ የሚሰጥ ምግብንም ለአገልጋይ የሚሰጥ ምስጋናንም ማመልከቱ እዚህ ላይ ትርጉም አለው፤ ሁለቱም የሚሰጡት ፊት ለፊት ላለ ሰው ነው።

ሌላው ጥያቄ የመግቢያ በር ጥያቄ ነው። አገሩን ለቆ ለሚሄድ ሰው ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ዲፕሎማ አይጠይቅም፣ ቋንቋ ያስተምራል፣ ሰው ያስተዋውቃል። ከእናንተ መካከል የብዙዎቻችሁ ዘመዶች በዚያ በር አልፈዋል። ሮቦቱ በሩን አልዘጋውም፤ ጠበብ ማድረጉን ግን የሚጠረጥር ሰው ምክንያት አለው።

በሌላ በኩል የጃፓንን ሁኔታ በዚሁ ሚዛን ብቻ መዳኘት ስሕተት ይሆናል። በዚያች አገር ለሥራ የደረሰው ሕዝብ ብዛት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እየቀነሰ ነው፤ ከአራት ሰዎች ከአንድ በላይ ዕድሜው 65 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለእነርሱ ሮቦቱ የሚተካው ሰው ሳይሆን ያልተገኘውን ሰው ነው። አንድ ማሽን በአንድ አገር እርዳታ፣ በሌላ አገር ተፎካካሪ ሊሆን ይችላል።

6. ለእኛ የሚሆን ነጥብ

ይህ ለኢትዮጵያ ምን ይነግራል? የእኛ አገር ወጣት የበዛባት፣ ሥራ ፈላጊው ከሥራው የሚልቅባት አገር ናት። ከውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ሮቦት ሳህን ቢያመላልስ ስሌቱ በአብዛኛው አያዋጣም፤ ለጊዜው ከትዕይንትነት አያልፍም። ይህ ግን እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ አይፈቅድልንም፤ የሠራተኛውና የማሽኑ ዋጋ ተነጻጻሪ ነው፣ የማሽኑም እየወረደ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ የቴክኖሎጂው ተቀባይ ብቻ መሆን ግዴታችን አይደለም። በ2018 አዲስ አበባን የጎበኘችው ሶፊያ የተባለች ሮቦት ሶፍትዌር በከፊል እዚሁ አዲስ አበባ ባለ አይኮግ ላብስ ውስጥ በኢትዮጵያውያን ወጣቶች መሠራቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ከዚህ ገለጻ አንድ የአሠራር ትምህርት ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የምመርጠው ይህን ነው። አንድ ሥራ በማሽን ይተካ እንደሆነ ለማወቅ ስትፈልጉ ማሽኑን ከመመርመራችሁ በፊት ሥራው እንዴት እንደተከፋፈለ መርምሩ። በሱሺ ቤቱ መጀመሪያ ዋጋው ከመጠኑ ተለየ፤ ከዚያ ትዕዛዝ መቀበል ወደ ታብሌት ሄደ፤ የሩዝ መጨበጡ ወደ መሣሪያ ተላለፈ፤ ሳህን ማንሣቱ ለራሱ ለደንበኛው ተሰጠ። ለሮቦቱ የቀረው መንከባለል ብቻ ነበር። በባንክ፣ በሆስፒታል መዝገብ ቤት፣ በእኛው በዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ተመሳሳይ መከፋፈል ሲጀመር ካያችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት ትችላላችሁ።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ሦስት የጥናት ጥያቄዎች ትቼ ላብቃ። አንደኛ፣ ሮቦት በገባባቸው ቤቶች የአስተናጋጆች የጉርሻ ገቢ እንዴት ተለወጠ? ሁለተኛ፣ ይሉኝታ በፍጆታ ላይ ያለውን ተጽዕኖ በአገራችን ቡፌዎች በሙከራ መለካት ይቻላል ወይ? ሦስተኛ፣ በውጭ አገር በአገልግሎት ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ለዚህ ለውጥ ምን ዓይነት የክህሎት ዝግጅት ያስፈልጋቸዋል? በሦስቱም ላይ ለመሥራት ለሚፈልግ ተማሪ ቢሮዬ ክፍት ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄና ውይይት እንለፍ።